ከቅጥሩ ውጭ የቆመችው መብራት

ስለ መብራት ያልተወራ ነገር አልነበረም። እኔ ፀሐይነሽ አፌን የማልይዝ ሴት ነኝ፣ ሰፈሩ ያውቀኛል፤ ያን ያህል ውሸት ግን ከእኔም አፍ አይወጣም። ቡዳ ናት ያለ ነበር። ጴንጤ ሆናለች ያለ ነበር። ባሏ ጫካ ገብቷል፣ እሷም ለወንበዴ ወሬ ታቀብላለች ያለም ነበር፤ ይሄኛውን እንኳ የሚያወሩት ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። የወሬው ሁሉ ምንጭ አንድ ነገር ነው። መብራት በየእሑዱ ነጠላዋን አጣፍታ ሚካኤል ትመጣለች፤ መጥታ ግን አትገባም። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከበሩ በስተግራ ካለችው ጥድ ሥር ትቆማለች። ዝናብ ቢወርድ፣ ፀሐይ ቢያቃጥል፣ ቅዳሴው ተጀምሮ እስኪያልቅ እዚያው ናት። ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር ቀድማ ትሄዳለች።

ሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚቀርበት ምክንያት እኮ ሺህ ነው። ያን ጊዜ የቀበሌው ስብሰባ ሆን ተብሎ እሑድ ጠዋት ነበር የሚደረገው። ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ ሰው ስኳርና ዘይት ሊወስድ ኅብረት ሱቅ ሲሄድ ፊት ይነሱታል። በዚህ ምክንያት ስንቱ ቀረ! ቤቱ የቀረውን ሰው ማንም ምንም አይለውም። መጥቶ ከበር የሚቆም ግን ያናድዳል፣ ምን ሠርቶ ይሆን ያሰኛል። እኔንም ያናድደኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ጎረቤቴ ናት። ቤታችን ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከተወረሱት ቪላዎች በአንዱ ግቢ ውስጥ ነው። ትልቁን ቤት ለአንድ የመንግሥት ሹም ሰጡት፤ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አለው። ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ለሁለት ከፍለው በአንዷ ክፍል መብራት፣ በሌላዋ እኔ እንኖራለን። እሷ ከባሏ ጋር ቀድማ የገባች ናት፤ ለእኔ ቀበሌው የሰጠኝ በሰባ አምስት ነው። መሐላችን ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ እሷ ስታስነጥስ እኔ ነኝ ይማርሽ የምላት።

መብራት ሹራብ ትሠራ ነበር። የሹራብ መኪናዋ ጠዋት ሽር፣ ሽር ማለት ከጀመረ እስከ ማታ አያቆምም። የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ የለበሰው የእሷን ሹራብ ነው፤ ቡዳ ናት የሚሉትም ልጆቻቸውን የሚያለብሱት እሷ የሠራችውን ነው። አይ ሰው! እኔ ዳቦ ቤት ስለምሠራ ማታ ስገባ የተረፈ ዳቦ አቀብላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ካልሲዬ ሲቀደድ ተቀብላኝ ትሠራልኛለች። ከዚህ ያለፈ ወሬ የለንም። የአዲግራት ሰው ናት፣ አማርኛዋ ቀጥ ያለ ነው፣ የምትናገረውም ጥቂት ነው። ብቻዋን ስትሆን ግን በግድግዳው በኩል ትሰማኛለች ብላ ሳታስብ በትግርኛ "ዋይ ኣነ"፣ ወይኔ ማለቷ ነው፣ ትላለች። ያ ድምፅ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

የባሏን ነገር ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። ዘርአይ ይባላል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ መካኒክ ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት መብራት ግራ ኩላሊቷን ታመመች። ጠጠር ሞልቶት፣ መግል ቋጥሮ፣ ሐኪሞቹ ካልወጣ ትሞታለች አሉ። ሁለቱም በቁርባን የተጋቡ ናቸውና ከሆስፒታል በፊት አብረው ሄደው ቆረቡ። ቀዶ ጥገና ልትገባ ስትል ዘርአይ እጇን ይዞ፣ "ስትነቂ እዚህ ነኝ" አላት። ስትነቃ የለም። እሷ ተኝታ ሳለች ለአንድ ጉዳይ ሥራ ቦታው ደርሶ ልመለስ ብሎ ሄዶ፣ ከዚያው ወሰዱት። ማን ወሰደው፣ ወዴት ወሰደው፣ የሚናገር የለም። ጎኗ ተሰፍቶ ባዶ ቤት ገባች። ለቅሶ እንኳ አልተቀመጠችም፤ ሞቷል ያላት ሰው ስለሌለ ማንም ለቅሶ አልደረሳትም። ሞቷል ቢሏትስ በዚያ ዘመን ማን ደፍሮ ድንኳን ይተክልላታል!

ኩላሊቱ ከወጣ በኋላ ትንሽ ጊዜ ደህና ሆነች፤ ከዚያ ሕመሙ ተመለሰ። ትኩሳት ያንዘፈዝፋታል፣ ግራ ብሽሽቷ አካባቢ ይወጋታል፣ ሽንቷ ያቃጥላታል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የት ነው የሚያምሽ ይሏታል። በግራ በኩል፣ ከታች ትላለች። ጠባሳዋን ያዩና ይሳሳቃሉ። "በዚህ በኩል እኮ ኩላሊት የለሽም፤ የሌለ ነገር እንዴት ያምማል?" ክኒን ሰጥተው ይመልሷታል። ክኒኑ ትኩሳቱን ያበርደዋል፣ ከወር በኋላ ደግሞ ይመጣል። አንዱ ነርስ ጭንቀት ነው አላት፤ ባልሽን እያሰብሽ ነው አላት። ይሄን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሴት ሲያማት ባሏ ትዝ ብሏት ነው የሚል ሰው ምን ይባላል?

ግቢው ውስጥ ያለው መጸዳጃ አንድ ነው፤ የጓሮ ሰዎች ሁሉ በሱ ነው የምንጠቀመው። መብራት ትመላለስ ነበር። የትልቁ ቤት ሠራተኞች በሩን ይዘው "አንቺ ሴትዮ እዚሁ እደሪ እንጂ!" እያሉ ይስቁባታል። እሷ አንገቷን ደፍታ ታልፋቸዋለች። አንድ ቀን ውሃ ጨረሰች ብለው ለቀበሌው ከሰሷት፤ ከዚያ ወዲህ ከመንገድ ቧንቧ በባልዲ እየቀዳች ነው ይዛ የምትገባው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። መብራት ግን መደበቁንም ማሳየቱንም ሞክራዋለች፤ ስታሳይ ሳቁባት።

በሰባ ዘጠኝ፣ ጥቅምት ላይ፣ ከሥራ ስገባ የሹራብ መኪናው ድምፅ የለም። ወጥታ ይሆናል ብዬ ተውኩት። በማግሥቱ ጠዋትም የለም። "መብራት!" አልኩ በግድግዳው። ዝም። "አንቺ መብራት! ዳቦሽን ልብላው እንዴ?" ዝም። ወጥቼ በሩን በትከሻዬ ገፋሁት፤ ቀድሞውንም መቀርቀሪያው ልል ነው፣ ተከፈተ።

መሬት ላይ ናት። ሰውነቷ እሳት ነው። ያላለቀ የልጅ ሹራብ መኪናው ላይ ተንጠልጥሏል። ቀና ብዬ ሳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተወጠረ ገመድ ላይ ጨርቅ ተሰጥቷል፤ ታጥቦም ያልለቀቀ ደም ያለበት ጨርቅ። ሰው የወር አበባ ጨርቁን አንድ ሁለት ያሰጣል። ይሄ ግን ገመዱን ሞልቶታል።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ደም?"

"ከሽንቴ ነው" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ቆይቷል።"

ጮህኩባት። የታመመ ሰው ላይ አይጮህም፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ስደነግጥ ነው የምጮኸው። ደግፌ አወጣኋት፣ መንገድ ላይ ታክሲ ለምኜ አስቆምኩና ሆስፒታል ወሰድኳት።

ዶክተር ኦላና የሚባል ወጣት ሐኪም አገኘን፤ ትምህርቱን ሃንጋሪ ጨርሶ ገና የመጣ ነው አሉ። የሱ መልካምነቱ አለመሳቁ ነው። ጠባሳዋን አየ፣ ብሽሽቷን ጫን ሲያደርገው ጮኸች፣ እሱም "እዚህ ነው ብለሽ ለስንት ሰው ነገርሽ?" አላት። "ለጠየቀኝ ሁሉ" አለች። የሽንት ፊኛዋን በቀጭን ጎማ መድኃኒት ሞልተው ራጅ አነሷት። ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዞ ለሁለታችንም አሳየን።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከኩላሊት ወደ ሽንት ፊኛ የሚወርድ ቀጭን ቧንቧ አለ። ኩላሊት ሲወጣ ቧንቧውን ቆርጠው ያስሩታል፤ የታችኛው ቁራጭ እዚያው ይቀራል። ብዙ ሰው ላይ ምንም አያደርግም፣ እንደደረቀ ይኖራል። የመብራት ግን አልደረቀም። ሽንቷ ከፊኛዋ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገባበታል፤ ገብቶ መውጫ ስለሌለው ይቆማል፣ ይመግላል። ከዚያ ሁሉ በላይ ከድሮው ኩላሊት የወረደ ጠጠር ውስጡ ተቀርቅሮ ቀርቷል። ደሙም ትኩሳቱም ከሱ ነው።

"እና የሌለ ነገር አይደለም ያመማት!" አልኩ፤ ጤና ጣቢያ ያሉት ሰዎች እዚያ በነበሩልኝ ብዬ ተመኘሁ።

"የቀረ ነገር ነው ያመማት" አለ ዶክተሩ። "መውጣት አለበት። መጀመሪያ መግሉ ትንሽ እንዲበርድ መርፌ ትወጋለች፤ ከዚያ የፊታችን ማክሰኞ ቀዶ ጥገና እናደርግላታለን። ከዚያ ከቆየ መግሉ ወደ ደሟ ይገባል፤ ከገባ ደግሞ ላድናት አልችልም።"

መብራት ፊልሙን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ "ዘጠኝ ዓመት" አለች።

ቤት መልሼ አልጋዋ ላይ አስተኛኋትና ለሆስፒታል የምትይዘውን ዘንቢል ማዘጋጀት ጀመርኩ። ፎጣ፣ ሳሙና፣ ኩባያ። ስታየኝ ቆይታ "ተይው ፀሐይነሽ፣ አልሄድም" አለች።

"የት ነው የማትሄጂው?"

"ሳልቆርብ ቢላዋ ሥር አልገባም። ያን ጊዜ ቆርቤ ነው የገባሁት።"

"እሺ፣ ከማክሰኞ በፊት እሑድ አለ፤ ቁረቢያ! ማን ከለከለሽ?"

"እየደማሁ?"

ዘንቢሉን አስቀመጥኩ። አሁን ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ ጥዷ ሥር የምትቆመው ለዚህ ነው! ቡዳ የለ፣ ጴንጤ የለ፣ ወንበዴ የለ። የሚደማ ሰው ቅጥር አይገባም ብላ፣ ራሷ ፈርዳ፣ ራሷን አስወጥታ። ደሙ በጠፋ ሰሞን እንኳ ነገ ይመጣ ይሆናል፣ ቅዳሴ መሐል ይፈስብኝ ይሆናል እያለች አትገባም።

"መብራት፣ የሚከለክለው የወር አበባ ነው፣ ይሄ በሽታ ነው!"

"ደም ደም ነው።"

"እንዲያ ከሆነ መቼም አትቆርቢም። ካልቆረብሽ ቀዶ ጥገና አትገቢም፣ ካልገባሽ ደሙ አይቆምም፣ ደሙ ካልቆመ አትቆርቢም። እንዲህ ስትዞሪ ማክሰኞ ያልፋል! የንስሐ አባት የለሽም? ለምን አትጠይቂያቸውም?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስነዘንዛት ተናገረች። የሷና የዘርአይ የንስሐ አባት መምሬ ረታ ነበሩ፤ እዚሁ ሚካኤል የሚቀድሱት። ድሮ በየበዓሉ እየመጡ ቤቱን ጠበል ይረጩ ነበር። ዘርአይ ከተወሰደ በኋላ ግን ደጇን ረግጠው አያውቁም። የተወሰደ ሰው ቤት የገባ ሁሉ ይጻፋል፤ የዚህ ግቢ በር ላይ ደግሞ ባለጠመንጃ ቆሟል።

"አንቺ ለምን አልሄድሽም?"

"ልጆች አሏቸው" አለች።

እኔ ልጅ ምናምን አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሚካኤል ሄድኩ። መምሬ ረታ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ይጠግናሉ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ዓይናቸው ቶሎ ቶሎ የሚዞር ሰው ናቸው። መስቀል ተሳልሜ፣ "የመብራት ጎረቤት ነኝ" አልኳቸው።

"የቷ መብራት?"

"የቷ ይሉኛል እንዴ! ያቺ ጥድ ሥር የምትቆመዋ መብራት ናታ! ከእርስዎ መቀመጫ እኮ ቀጥ ብላ ትታያለች።"

መቋሚያው ከእጃቸው ወደቀ፤ አላነሱትም። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ኩላሊቱን፣ የቀረውን ቧንቧ፣ ደሙን፣ ማክሰኞን። ሲሰሙ ቆይተው፣ "እኔ እኮ ተቀይማኝ መስሎኝ" አሉ። "ባሏ ሲወሰድ አልደረስኩላትም። አዝና ሌላ የንስሐ አባት ይዛ፣ እሳቸው ቀኖና ሰጥተዋት ነው የምትቆመው ብዬ ነበር። ስወጣም ፊቷን ታዞርብኛለች።"

"ጠየቋት?"

"አልጠየቅኳትም።"

ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የክህነታቸውን ክብር ብዬ ዋጥኩት። "እንግዲህ ይጠይቋት እንደሆነ ቤቷን ያውቁታል" ብዬ ተነስቼ ሄድኩ። የሚመጡ አልመሰለኝም።

በማግሥቱ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ከትልቁ በር የዘበኛው ድምፅ ተሰማኝ። "አባ፣ ወዴት ነው?" ብቅ ብዬ አየሁ። መምሬ ረታ ጥቁር ካባቸውን ለብሰው፣ መስቀሉን በግልጽ ይዘው ቆመዋል። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"የንስሐ ልጄን ልጠይቅ ነው" አሉ፤ የሹሙ ቤት መስኮት ድረስ እንዲሰማ አድርገው። "ታማብኛለች።"

ዘበኛው አያቸው፣ መስቀሉን አየ፣ ከዚያ ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ ጎንበስ አለና ተሳለመ። ጉድ እኮ ነው! እሳቸውም ሳያምኑት ነው ያለፉት።

መብራት ድምፃቸውን ስትሰማ ልትነሳ ታገለች። አልተቻላትም፤ በክርኗ ተደግፋ መስቀሉን ሳመች። እኔ ለንስሐው ልውጣ ብዬ በሩ ላይ ደርሻለሁ፤ ጫማዬን እየፈለግሁ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

"ልጄ" አሏት፣ "ስንት ዘመን ፊትሽን አዞርሽብኝ። ተቀይመሽኝ ነው?"

"የለም አባ። እንዳይፈሩ ብዬ ነው። ካየሁዎ ሰላም ሊሉኝ ነው፤ ሰላም ካሉኝ ደግሞ ሰው ያያል።"

መምሬ ረታ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉትና አለቀሱ፤ ትልቅ ሰው፣ ድምፅ እያወጡ። እኔም አንድ እግሬን ተጫምቼ ሌላውን ረስቼ ወጣሁ። ደጅ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ተናደድኩ፣ መልሼ አለቀስኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሷ ለሳቸው ፈርታ፣ እሳቸው ለራሳቸው ፈርተው፣ መሐላቸው ያለው አንድ አጥር ነው! አንድ ቃል ጠይቆ የሚፈታውን ነገር!

ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ሲነግሯት ሰማሁ። "ደም ይፈሳት የነበረችው ሴት ከደጅ ቆማ ቀረች እንዴ? ሰው መሐል ገብታ ልብሱን ነካች እንጂ። የበሽታ ደም ኃጢአት አይደለም። እሑድ ግቢ። ጥፋት ካለው በእኔ ላይ ይሁን።"

እሑድ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ትኩሳቷ በመርፌው በርዷል፤ ሕመሙ ግን አለ፣ እየቆመች ነው የምትራመደው። የታጠበ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ ከውስጥ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ታጥቃለች። በቀበሌው አዳራሽ ደጅ ስናልፍ ስም ጠሪው ጠረጴዛውን እያወጣ ነበር፤ እሱም አየን፣ እኛም አየነው። ዘይቱን ይጠጣው አልኩ በሆዴ።

በሩ ጋ ስንደርስ እግሯ በራሱ ወደ ጥዷ ዞረ። "ወዴት?" አልኳት።

"ረስቼ" አለች።

"ቀጥ ብለሽ ግቢ።"

"አንቺስ?"

ይኸውላችሁ፣ የእግዜር ነገር! ያን ቀን እኔ ራሴ መግባት አልችልም፤ የወር አበባዬ ላይ ነበርኩ። ስነግራት ፊቷ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር አየሁ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በሩን ተሳልማ ገባች። ዞር ብላ አላየችኝም። ሴቶቹ ሲያዩዋት መንገድ ለቀቁላት፤ ማክበራቸው ይሁን መሸሻቸው አልገባኝም።

እኔ ጥዷ ሥር ቆምኩ። ሌላ የት ልቁም? ሥሩ ላይ ያለው መሬት ጠንክሮ፣ ሣር የሚባል አልበቀለበትም፤ ሁለት እግር የሚቆምበት ያህል ቦታ ተረግጦ ለስልሷል። ከዚያ ሆኖ የሚሰማው የቅዳሴው ዜማ ነው እንጂ ቃሉ አይሰማም። አውሮፕላን ሲነሳ ደግሞ እሱም ይጠፋል፤ አውሮፕላኑ እስኪርቅ ድረስ ሕዝቡ ሲሰግድ አይቶ መስገድ ነው። የሚታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ንፋሱ ከሜዳው በኩል ይመጣል፣ ጥዱ አይከልልም። ዘግይተው የሚመጡ ሰዎች አጠገቤ ሲደርሱ ራመድ ይላሉ። የማውቃት የዳቦ ደንበኛዬ መጣች፤ እንደምን አደርሽ ልላት አፌን ስከፍት ዓይኗን ሰበረችና አለፈች። ከበሩ ስትደርስ አብራት ላለችው ሴት፣ "ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው የማትገባው?" ስትል ሰማኋት።

እኔ ለማንም መልስ የማላጣ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። አንድ ጠዋት ነው የቆምኩት። ቶሎ አልቆ ልሂድ ነው ያልኩት። እሷ ግን በየሳምንቱ ተመልሳ ትመጣ ነበር።

መብራት ከቆራቢዎቹ ጋር ወጣች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። የቆረበ ሰው ወዲያው አያወራም። መጥታ አጠገቤ፣ ያቺው የለሰለሰችው ቦታ ላይ ቆመችና እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። እንዲያ ይዛኝ እስከ ቤት ድረስ ሄድን።

ማክሰኞ አስገቧት። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ማርያምን ስንቴ ለመንኳት። ዶክተር ኦላና ሲወጣ በብልቃጥ የያዘውን አሳየኝ፤ ከጣት የምትረዝም፣ ያበጠች ሥጋ፣ ጫፏ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ጠጠር። "ይቺ ናት?" አልኩት። "ይቺ ናት" አለኝ። "መግሏ ሳይፈነዳ ነው የደረስንበት። ትድናለች።" መሬቱን ሳምኩ፤ እሱም ደነገጠ።

ስትነቃ አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። ዓይኗን ስትገልጥ እኔን አላየችም፤ መጀመሪያ ያየችው በሩን ነው። ከንፈሯ ደርቋል።

"ማን አለ?" አለች።

"እኔ አለሁ፣ ፀሐይነሽ ነኝ። ወጥቶልሻል፣ ጠጠሩን በዓይኔ አየሁት።"

"ሌላስ?"

"መምሬ ረታ መጥተዋል። የመጠየቂያ ሰዓት አይደለም ብሎ የሆስፒታሉ ዘበኛ ከለከላቸው፤ ከግቢው በር ውጭ ቆመው እየጠበቁ ነው።"

ልትስቅ ፈለገች፣ ስፌቱ ያዛት። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ተኛች ብዬ ብርድ ልብሱን ሳስተካክል እንደገና ገለጠችው፤ እንደገናም በሩን አየች።

"ሌላስ?" አለች።

ማንን እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ምን ልበላት? ለታመመ ሰው ይዋሻል ይባላል፤ እሷን ግን በቂ ሰው ዋሽቷታል።

"ሌላ ማንም የለም መብራት" አልኳት። "እኔ ብቻ ነኝ።"

ከዚያ ፊቷን ከበሩ ወደ እኔ መለሰችና "እንግዲያ ውሃ ስጪኝ" አለች። ዶክተሩ ውሃ አይሰጣት ብሎ ነበር፤ ጥጥ ነክሬ ከንፈሯን አራስኩላት።